ሁሉም «የአገሬ ልጅ» ያለው ሰው

«ትንሽ ጎንበስ ይበሉልኝ፣ ጋሼ።»

ጀልበኛው ጎንበስ አለ። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጭንቅላት በፀጉር አስተካካይ እጅ ገብቶ አያውቅም። ግራው ተከርክሞ እንደ ሙሽራ አምሯል፤ ቀኙ ባለቤቱ ጥሎት እንደሄደ አጥር ጎፍሯል። ፀጉር አስተካካዩ አባባ የሞቱት በመሃል ነበር። ግራውን ጨርሰው «እስቲ አንዴ ቁጭ ልበል» አሉና ደንበኛ ተራ በሚጠብቅበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ አልተነሱም። ጀልበኛው ያንን ግማሽ ጭንቅላት ባርኔጣ ደፍቶበት ቀብር ዋለ፤ ባርኔጣ ደፍቶበት ለቅሶ ቤት ከረመ። የከተማው ፀጉር ቤት ሁሉ በሰልፍ ቆሞ ቢለምነው እንኳ በሌላ ሰው እጅ አልነካም ብሎ ነበር። ዛሬ ግን የሟቹ የልጅ ልጅ፣ ከጎናቸው በሁለተኛው ወንበር ስትሠራ የኖረችው፣ አላስችል አላትና ለለቅሶው ከተከራዩት ወንበሮች አንዱን ስባ ጓዳ አስገባችው።

«የርስዎ ፀጉር መቀስ ይበላል» አለችው። ከድካሟ የተነሳ ድምፅዋ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስላል።

«የወንዝ ዳር ሰው ፀጉር ነዋ። የአያትሽስ ይብስ አልነበር? ያገሬ ልጅ አይደል እንዴ።»

መቀሱ ቆመ።

«የማን አገር ልጅ?»

«የኔ ነዋ። ከወንዙ ማዶ፣ ከሸምበቆው መንደር። አልነገረሽም? ገና የመጀመሪያ ቀን ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ነው የተዋወቅነው። አንቺ ያን ጊዜ የወተት ጥርስሽ አልወለቀም።»

ትናንት ሾፌሩ፣ ያ ትከሻው በር የማያሳልፈው ጡረተኛ፣ ሻይ ስታቀርብለት እጇን ይዞ «እኛ የተራራ ሰዎች እንባችን ቶሎ አይመጣም፤ አያትሽም እንደዚያው ነበር፣ ያገሬ ልጅ» ብሏት ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ በመሀረቧ እየተናፈጠች ስለ ጨዋማው የባሕር ጠረፍ አውርታላት፣ «የኛን ነፋስ የሚያውቅልኝ አንድ ሰው ነበረኝ፤ እሱም ሄደ» ብላ አልቅሳለች። ያን ጊዜ ለቅሶ ሰውን ያምታታል ብላ አለፈችው። ሦስት ሰው ግን እንዴት በአንድ ዓይነት ይምታታል?

የቀረውን ጨረሰች። አንገቱን በፎጣ አራገፈችለት። ጀልበኛው የሻይ ትሪ አንስቶ በትሪው ጀርባ መልኩን አየ።

«አሁን ነው የቀበርነው» አለና ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ወጣ።

ሳሎኑ ውስጥ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢው ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጧል። የጠጣው ሻይ ወፍጮ ያዞራል። እሷ ብቅ ስትል ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

«የኔ እህት፣ እኔ ልቤ ወልቋል። ስሙን አውቃለሁ፣ ሥራውን አውቃለሁ፣ የሞተበትን ቀን ማን ይረሳል። የቀረኝ የትውልድ ቦታ ነው። አመሻሽ ላይ ወንበሩ ይሰበሰባል፣ ነገ ድንጋዩ ይቆማል። መቼ ልትነግሪኝ ነው?»

«አላውቀውም እኮ።»

«አያትሽን አታውቂም?»

«አያቴንማ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ከየት እንደመጣ...»

«ያልሄዱበትን ብትጠይቀኝ ይቀለኛል።»

«በይ አስቢበት» አለ ጠራቢው፣ እንደገና ሻዩን እያነሳ። «ድንጋይ ሊጥ አይደለም። አንዴ ከተሳሳትኩ በውኃ አይስተካከልም።»

አልዋሸችውም። አባባ ያልረገጡት መሬት ካለ ገና ከባሕር ያልወጣ ነው። በመርከብ ሆድ ውስጥ ማዕበል እያላጋቸው የመርከበኛ ጢም ላጭተዋል፤ አንድም ሰው ሳይደማ። በባቡር ጣቢያ ወንበር አጥተው ሰውን ሻንጣቸው ላይ አስቀምጠው ቆርጠዋል። በማዕድን ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠው፣ ከሰል ለብሶ የሚወጣውን ሁሉ ታጥቦ እንኳ እናቱ ከምታውቀው በላይ አሳምረውታል። አንዱ አገር ሲመቻቸው፣ ሰው ሲለምዳቸው፣ ቤት ሲሰጣቸው፣ አንድ ጠዋት ምላጫቸውን ይጠቀልሉና ይሄዳሉ። ለምን እንደሚሄዱ የሚያውቅ አልነበረም። ሰዎች «እግሩን ያሳክከዋል» ይሉ ነበር። እዚህ ከተማ ሱቅ ከከፈቱ፣ ሚስት ካገቡና ልጅ ከወለዱ በኋላ እንኳ በየጊዜው ይጠፉና አቧራ ለብሰው ይመለሱ ነበር ይባላል። እሷ ግን ይህን በወሬ እንጂ በዓይኗ አላየችም። እሷ የምታውቃቸው አንድ ሌሊት እንኳ ከቤት ውጭ አድረው የማያውቁትን አባባን ነው።

የምታውቀው ሌላም ነገር አለ። እንግዳ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ ጨርቁን አንገቱ ላይ አስረው የሚጠይቁት እንዴት ልቁረጥህ ብለው አልነበረም።

«ከየት ነህ?»

ሰውየው ይናገራል።

«እናንተ ጋ የቤቱ ደረጃ በውስጥ ነው በውጭ?»

በውስጥ ነው ካለ ነገሩ ያበቃል፤ ስለ ዝናብ ያወራሉ። በውጭ ነው ካለ ግን መቀሱ ይዘገያል። ደረጃው እንጨት ነው ድንጋይ? መደገፊያ አለው? ወደ የት ያወርዳል? ሰውየው ስለ ፀጉሩ ረስቶ ስለ ቤቱ ሲያወራ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ አግዳሚው ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። መጨረሻ ላይ፣ አንገቱን በብሩሽ እያራገፉለት፣ ቀስ ብለው «እኔም እኮ የዚያው ነኝ» ይሉታል። ሰውየው ዘሎ እጃቸውን ይጨብጣል፤ ሌላ ፀጉር ቤት ድጋሚ አይረግጥም።

እሷ በልጅነቷ አግዳሚው ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች ይህን ሁሉ ስትሰማ የሙያ ምላስ መስሏት አደገች። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያረፈበት ሰው የአገሩ ልጅ ቢይዘው ይመርጣል። አንዴ ጠይቃቸውም ነበር። «ደንበኛ በመቀስ ይመጣል፣ በወሬ ይቆያል» አሏትና ፀጉር የተበተነበትን ወለል እንድትጠርግ መጥረጊያ ሰጧት።

ከሰዓት በኋላ የፈራችው መጣ። ጀልበኛው በአዲሱ ጭንቅላቱ ሳሎን መሃል ሲያልፍ ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይነሳ አየት አደረገው።

«አምሮብሃል። የኛ ሰው እጅ ነው፤ ልጅቱም ከሱ ነው የወረሰችው።»

«የናንተ ሰው ማን ነው?»

«ሟቹ ነዋ። የተራራ ልጅ።»

«ማን? እሱ?» ጀልበኛው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ጫነ። «አንተ ሰው፣ ሐዘን ላይ ነን። ቀልድም ቦታ አለው።»

«ማን ቀለደ?»

ልብስ ሰፊዋ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ መጣች። መርፌ እንደያዘች ጣቶቿን ቆንጥራ፣ «ጋሼ፣ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» አለች። «እሳቸው የጠረፍ ሰው ናቸው። ከኔው መንደር። የአባቴን ቤት ደረጃ ሳይቀር ጠይቀውኛል።»

«እኔንም ደረጃ ጠይቆኛል» አለ ሾፌሩ።

«እኔንም» አለ ጀልበኛው።

ለቅሶ ቤት ነውና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጨቃጨቁ ጀመር። በሹክሹክታ የሚካሄድ ጭቅጭቅ ግን ከጩኸት ይልቅ ይሰማል። በሳሎኑ ያለ ጆሮ ሁሉ ወደዚያ ዞረ፤ ፔርሙዝ የያዘው ቡና መቅዳት አቆመ፤ የድንጋይ ጠራቢው ጆሮማ ከጭንቅላቱ ተነቅሎ መሃላቸው የተቀመጠ ይመስል ነበር።

«እንግዲህ ወንዝ ዳር ብለህ ጻፍ» አለው ጀልበኛው ለጠራቢው።

«ይህን ለመጻፍ እጅህን ካነሳህ ድንጋዩን ተሸክሜ ነው የምሄደው» አለ ሾፌሩ። የሚችል ይመስላል። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ልጄ፣ አንቺ ተናገሪ። ያንቺ ቃል ነው።»

ሁሉም ወደ እሷ ተመለከተ። እሷ የያዘችውን ትሪ የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። አንዱን ብትል ሁለቱ ውሸታም ነበር ብለው ከዚህ ቤት ይወጣሉ። የከተማውን ጉሮሮ ሁሉ በምላጭ ዳብሰው አንድም ሰው ያላማቸው አያቷ፣ መቃብራቸው ላይ አፈሩ ሳይደርቅ ስማቸው ይቆሽሻል። ባዶ ይተው ብትል ለምን ይባላል። ደግሞም የራሷ ነገር አለ። እናቷ እዚህ ቤት ጥላት ከሄደች ወዲህ ከየት ነሽ ለሚላት ሁሉ «ከአባባ» ነበር መልሷ። አባባስ ከየት?

«እማማን ጠይቄ ልምጣ» አለች።

እማማ፣ የአባባ ሚስት፣ መኝታ ቤት ጋደም ብለዋል። ለቅሶ ደራሽ እየመጣ ሲያቅፋቸው ስለከረመ ትከሻቸውን ማንሳት አቅቷቸዋል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ አባባ ከየት ነው የመጡት?»

«ከየት ይመጣል፣ ከሥራ ነው እንጂ።»

«የተወለዱበትን ነው።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ገለጡ። «ማን ጠየቀ?»

«ድንጋዩ።»

ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ፤ እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰላት።

«እሱም አያውቀውም ነበር» አሉ። «ሕፃን ሆኖ ነው አሉ፤ የሚሸሽ ሰው ሁሉ በጭነት መኪና ላይ ሲራኮት፣ ማን እንደጫነው ሳይታወቅ እዚያ ላይ ተገኘ። ያሳደጉት ሰዎች ስሙንም ራሳቸው ናቸው ያወጡለት። የሚያስታውሰው አንዲት ነገር ብቻ። ሴት አቅፋው ከቤት ውጭ ባለ ደረጃ ትወርዳለች። አንዱ እርከን ተሰብሯል። እሱ ጋ ስትደርስ ትዘላለች፤ እሱ ጥርሱ ይጋጫል። በቃ። ፊቷን እንኳ አያውቀውም። ዝላይዋን ነው የሚያውቀው።»

«እናም ያንን ሲፈልጉ ነው...»

«አገር ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ደረጃ ነው። የሰው ቤት ወጥቶ ይወርዳል። ሌባ ብለው ስንት ቦታ ደብድበውታል መሰለሽ። እኔን ሲያገባኝ ‹የአባትሽ ቤት ደረጃ በየት ነው› ብሎ ነው የጀመረው። እኔ ደግሞ ሀብቴን የሚያጣራ መስሎኝ ምድር ቤት ነን አልኩት። አገባኝ።»

ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ ፈገግታውም ደክሞት ቶሎ ወረደ።

«ታዲያ ለምን ለሁሉም ያገራችሁ ልጅ ነኝ አሉ? ውሸት እኮ ነው።»

«ውሸት መሆኑን በምን ያውቃል?»

ከሳሎን የሾፌሩ ሳል ይሰማል።

«ፍለጋውን ለምን ተዉት?»

«እናትሽ አንቺን አምጥታ የሄደች ሰሞን ሻንጣው በር ላይ ነበር። ሰሜን ነው ምን ነው አንድ ሰው ስለ ደረጃ ነግሮት። አንቺ ደግሞ ቅማል በቅማል ሆነሽ ነው የመጣሽው፤ ሰው ሲነካሽ ትነክሻለሽ። እሱ ብቻ ነው ያስቀመጠሽ። ላጨሽ። ሲጨርስ ጭንቅላትሽን ደባበሰና ‹ይቺን ፀጉሯ ሲያድግ ማን ያስተካክላታል› አለኝ። ሻንጣውን ፈታ። በቃ፣ ሁለተኛ አላሰረውም።»

የልጅ ልጃቸው እጇን ሳታውቀው ፀጉሯ ላይ አሳረፈች። ከዚያ መልሳ ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

«ለሰዎቹ ምን ልበላቸው?»

«እኔ ምን አውቄ። ደክሞኛል። አንቺም ደክሞሻል። የደከመው ሰው እውነቱን ቢናገር ይሻለዋል፤ ውሸት ጉልበት ይፈልጋል።»

ወጣች። ሦስቱ እንደተፋጠጡ ቆመዋል። የቀረው ለቅሶ ደራሽ ሻይ እየጠጣ ያላየ መስሎ ያያል። በሩ ላይ ቆማ፣ ሳታሳምር፣ ሳታስረዝም ነገረቻቸው። የጭነት መኪናውን፣ ሴትየዋን፣ የተሰበረውን እርከን። «የማናችሁ አገር ልጅ እንደሆኑ እሳቸውም አያውቁም ነበር» አለች መጨረሻ ላይ። «ይቅርታ አድርጉላቸው።»

የተቆጣ አልነበረም። ሾፌሩ የጫማውን አፍንጫ እያየ ቆየ። በመጀመሪያ የተናገረችው ልብስ ሰፊዋ ናት።

«ልጄ፣ የጠረፍ ሰው ዓሣ ሲያይ አፍንጫውን አይዝም። እኔ ቤት አንድ ቀን ተጋብዘው እስኪወጡ ትንፋሻቸውን እንደዋጡ ነበር። ያን ቀን አውቄያለሁ።»

«አወቅሽ?» አለ ሾፌሩ።

«መዋኘት አይችልም ነበር» አለ ጀልበኛው። «አንዴ በጀልባዬ አሻገርኩት። የጀልባውን ጠርዝ እንደ ሚስቱ አቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የተሻገረው። ውኃው እኮ ጉልበት አይደርስም። የወንዝ ልጅ? የወንዝ ድመት እንኳ ከሱ ትሻላለች።»

ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ተራራ ሄደን እናውቃለን። ገና መታጠፊያው ላይ አዞረው፤ እስክንመለስ ከመኪናዬ ወለል አልተነሳም። የኛ ፍየል ያየችው ቢሆን ትስቅበት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?» አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ መቆጣት አምሯት አቅም አጣች እንጂ።

«ምን እንበለው?» አለ ሾፌሩ። «ሰው ከሰው አገር መጥቶ፣ አንተ በሰው አገር ተቀምጠህ፣ ያገርህ ልጅ ነኝ ሲልህ ውሸትህን ነው ትለዋለህ? እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ብቻ...» ትልቁ ትከሻው ዝቅ አለ። «ለኔ ብቻ የሚለው መስሎኝ ነበር።»

ጀልበኛውና ልብስ ሰፊዋ ተያዩ። እነሱም ለነሱ ብቻ መስሏቸው ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ጭቅጭቅ ከቀድሞው ባሰ። ጀልበኛው፣ ለተራራው ይጻፍ፣ ሾፌሩ ነው ሬሳውን የተሸከመው አለ። ሾፌሩ፣ የለም ለእሷ ይሁን፣ እንባዋን ያየ ይመስክር አለ። ልብስ ሰፊዋ፣ ጋሼ ጀልበኛ ግማሽ ፀጉር ይዘው የሰነበቱት ለማን ብለው ነው አለች። አገር እንደ ምግብ ቤት ሒሳብ ያንተ ይሁን ያንተ ይሁን እየተባለ ተገፋ። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ትሰማቸዋለች፤ የሰማይ ከፍታ ያህል ደክሟታል።

ድንጋይ ጠራቢው ባዶ ብርጭቆውን መሬት አስቀምጦ ተነሳ።

«እናንተ ሰዎች፣ እኔ አገር አልፈልግም፤ የምጽፈው ነገር ነው የምፈልገው። መጀመሪያ ቀን ይህንን ቤት ሳፈላልግ በስሙ ብጠይቅ የሚያውቀው ጠፋ። መንገድ ጠራጊውን፣ ፖስተኛውን፣ ሁሉን ጠየቅሁ። ፀጉር አስተካካይ ነበር ብል ጊዜ ‹አሃ፣ ዳቦ ቤቱ አጠገብ ያለውን ነው?› ብለው መንገድ ሙሉ ሰው ጣቱን ቀሰረልኝ። አገሩንማ ቢያውቁ...»

«እሱን ጻፈው» አለችው።

«የቱን?»

«እነሱ ያሉህን። ‹ዳቦ ቤቱ አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካይ›።»

ጠራቢው አፉን ከፍቶ ዘጋ። «የኔ እህት፣ መቃብሩ እኮ ዳቦ ቤት አጠገብ አይደለም። የሚያነበው ሰው ግራ ይገባዋል።»

«ይግባው። ይጠይቃላ።»

ሾፌሩ ሳቀ፤ ከሬሳው ሥር ከወጣ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሳቁ መስታወቱን አንቀጠቀጠው። «መቼም የሚጠይቅ ከመጣ ይቺ ከተማ የምትነግረው አታጣም» አለ። ጀልበኛው በባርኔጣው አፉን ሸፈነ። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም፤ ግን ራሷን እሺ በሚል ነቀነቀች።

«ድንጋዩ ይበቃው እንደሆነ እንጃ» አለ ጠራቢው። «ረጅም ነው።» ወንበሮቹን አስነሳና ከኪሱ ጠመኔ አወጣ። ሲሚንቶው ወለል ላይ ተንበርክኮ የድንጋዩን መጠን አራት ማዕዘን አድርጎ አሰመረ፤ ውስጡ ቃላቱን ጻፈ። ሦስቱ ጎንበስ ብለው ከበቡት። ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ እንደምትለካ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችና «በግራ ጠበበ፤ ትንሽ ግባ» አለችው። አጥፍቶ ደገመው። በክር ለካው፣ ክሩን በጥርሱ ቆረጠና ኪሱ ከተተው።

«ይበቃል» አለ። «ሰፋ ብሎ ይተኛል።»

አመሻሽ ላይ አከራዮቹ መጥተው ወንበሮቹን ጫኑ። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ጉንጯን እየሳመ፣ ያጽናሽ እያለ ወጣ። ጀልበኛው ከሾፌሩ ጋር እየተደጋገፈ ሄደ፤ ማን ማንን እንደደገፈ አይታወቅም። ቤቱ እንደ ባዶ ጋን ሆነ።

«ሄዱ?» አሉ እማማ ከመኝታ ቤት።

«ሄዱ፣ እማማ። ይተኙ።»

ባልዲ ውኃ ሞላች፤ ጨርቅ ነክራ ጨመቀችና ተንበረከከች። የከረመ የጫማ ጭቃ፣ የፈሰሰ ሻይ፣ የዳቦ ፍርፋሪ። ከበሩ ጀምራ ወደ ውስጥ ወለወለች፤ ጨርቁን አጠበች፤ እንደገና ወለወለች። ጠመኔው ጋ ስትደርስ በጎኑ ዞራ አለፈችው። በዚያኛውም ወገን ዞራ አለፈች። ወለሉ ያዘነበለ ነውና የተረፈው ውኃ ቀስ ብሎ ወደ መስመሩ መጣ። ጨርቁ ሩቅ ነበር። የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ውኃው ፊት ዘረጋችና እስኪመጠው ድረስ እዚያው ተንበርክካ ቆየች።